የሽለላው ማቆሚያ

ሰው ከሥራው ሲያርፍ ልቡን የሚያሳርፍበት ጨዋታ እንደ ዘመኑ ይለያያል። አባቶቻችን ገና ሲመቱ፣ ጉግሥ ሲጋልቡ፣ ዝናብም ሲሆን ገበጣ ሲጫወቱ አደጉ። በእኛ ዘመን ደግሞ ጨዋታው ወደ ኮምፒዩተር ገብቶ፣ ተጫዋቾቹ በልዩ ልዩ አገር ተቀምጠው በአንድ ሜዳ የሚገናኙበት ሆኗል። ስለዚህ ዐይነቱ ጨዋታ በዚህ መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንደ ዋዛ ሊታየው እንደሚችል አንስተውም። የሆነ ሆኖ ነገሩ በዋዛ ተጀምሮ እናታችንን ከመኝታቸው ያስነሣ፣ እኛንም ብዙ ያሳሰበ ስለ ሆነ፣ አንባቢ በትዕግሥት እንዲከተለን እንለምናለን።

ጨዋታው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ይባላል። ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ ያወጣው ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ አገር የሚጫወቱት አሉ። ተጫዋቹ ጦረኛ፣ አዳኝ፣ ካህን ወይም አስማተኛ ይመርጥና በምናብ በተፈጠረ ሰፊ ዓለም ውስጥ ያሰማራዋል። ይህም ሰው ከአውሬ ጋር ይዋጋል፤ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ምሽግ ይሰብራል፤ ሲያሻውም ከሐይቅ ዳር ቆሞ ዓሣ ያጠምዳል።

እኛን ወደዚህ ጨዋታ ያገባን ወንድማችን ነው። ታናሽ ወንድማችን ወደ ጀርመን አገር ከሄደ ወዲህ በስልክ የምንነጋገረው ነገር እየጠበበ ሄዶ፣ ከ«ደኅና ናችሁ» እና ከ«ደኅና ነን» የማያልፍ ሆኖ ነበር። በጨዋታው ሜዳ ግን ጎን ለጎን ቆመን ከርከሮ ስናሳድድ፣ ስለ ልጅነታችንም ስለ ባዕድ አገር ኑሮውም ሳናስበው በድምፅ እናወጋለን። ወርኀዊ ክፍያውን እርሱ ከዚያው ይከፍልልናል፤ እኛም ቅዳሜ ማታ በቀጠሮው ሰዓት እንገኛለን።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ጄሰን ሄይስና ባልደረቦቹ የደረሱት ውብ ሙዚቃ አለ። ነገር ግን ዜማው ለቦታ የተሠራ ነው። ጫካው የራሱ ዜማ አለው፤ ከተማውም የራሱ፤ በረሓውም የራሱ። በሜዳ ላይ ተራ ውጊያ ሲነሣ አብሮት የሚነሣ የጦር ዜማ የለም፤ ሰይፍ እየተፋጨ የጫካው ዜማ እንዳለ ይቀጥላል፤ አለዚያም ጸጥታ ይሆናል።

ይህ ነገር ለእኛ ጆሮ ጎዶሎ ሆኖ ተሰማን። በአገራችን ጦርነት በዝምታ ተጀምሮ አያውቅምና። ነጋሪት ሳይጎሰም ዘመቻ አይታወጅም፤ እምቢልታና መለከት ሳይነፋ ሠራዊት አይንቀሳቀስም፤ ጀግናውም ሳይሸልልና ሳይፎክር ወደ ፍልሚያ አይገባም ነበር። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የዐድዋን ክተት ሲያውጁ፣ ቃላቸው ለሕዝብ የተሰማው እንደ ወጉ ነው። ነጋሪት የሚለው ስም ራሱ «ነገረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ከፋሽስት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ ሲቋቋም ነጋሪት ጋዜጣ የተባለው፣ እኛም በመሥሪያ ቤት በየጊዜው የምናገላብጠው፣ ከዚሁ የአዋጅ መሣሪያ ስሙን ወርሶ ነው።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ማታ ወንድማችንን «በዚህ ጨዋታ ላይ ሽለላ ብናስገባበትስ?» አልነው። ሣቀ። ጥቂት ዝም ብሎም ቆየና፣ «የአባባን? ካሴቱ አለ እንዴ?» ሲል ጠየቀን።

ካሴቱ ነበረ። አባታችን በሰፈራችን የታወቁ ሸላይ ነበሩ። በ1988 ዓ.ም. እኅታችን ስትዳር ሠርጉን በቴፕ ይቀዳ የነበረ ጎረቤታችን የእርሳቸውን ሽለላ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ቀድቶት ነበር። ወንድማችን ያን ጊዜ የአራት ዓመት ሕፃን ስለ ነበረ አያስታውሰውም። ከዚያም ወዲህ አባቱ ሲሸልሉ ሰምቶ አያውቅም፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለን እንገልጻለን።

ካሴቱ ሠላሳ ዓመት ያህል በሣጥን ውስጥ ስለ ከረመ ጥቅሉ ላልቶ አገኘነው። በእስክሪፕቶ እያዞርን አጠበቅነው። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒዩተሩ የድምፅ መግቢያ የሚሄድ ሽቦ ገዛን፤ ኦዳሲቲ የሚባለውን፣ ያለ ክፍያ የሚገኘውን የድምፅ መቅረጫ ፕሮግራምም ከፈትን። ይህ ፕሮግራም የቴፕን ሹሹታ የሚቀንስበት ብልሃት አለው። በመጀመሪያ ማንም የማይናገርበት ጥቂት ሴኮንድ ተመርጦ ይሰጠዋል፤ የሹሹታውን ጠባይ ከዚያ ያጠናና ከቀረው ላይ ይቀንሰዋል። እኛም ድምፁ እንዲጠራ ጓጉተን አብዝተን ብንቀንስበት፣ የአባታችን ድምፅ ከውኃ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ታፈነ፤ ከኋላ ያለው የሴቶቹ እልልታም ተሸረፈ። ስለዚህ ያደረግነውን ሽረን ሹሹታውን ከነጉድፉ ተውነው። ከዚያም አንድ ደቂቃ ተኩል የሚሆነውን ቆርጠን አስቀመጥን። ጨዋታው ኤም ፒ ስሪና ኦግ የተባሉትን የድምፅ ፋይሎች ይቀበላል። ኤም ፒ ስሪ በራስጌውና በግርጌው ጥቂት ጸጥታ ስለሚጨምር፣ ሲደጋገም መጋጠሚያው ይታወቃል፤ በዚህ ምክንያት ኦግን መረጥን።

ድምፁ ከተዘጋጀ በኋላ ቀጣዩ ሥራ ጨዋታው እንዲያሰማው ማዘዝ ነው። ብሊዛርድ ተጫዋቾች የጨዋታውን መልክ በገዛ እጃቸው እንዲያሻሽሉ ፈቅዶላቸዋል። ይህም የሚደረገው አድኦን በሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ነው፤ እኛ ተቀጥላ ብለን እንጥራቸው። የሚጻፉበት ቋንቋ ሉዋ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1993 በብራዚል አገር፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ በሚገኘው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የተፈጠረ ሲሆን፣ ስሙ በፖርቱጋልኛ ጨረቃ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በጨዋታው ፎልደር ውስጥ ኢንተርፌስ፣ በእርሱም ውስጥ አድኦንስ የሚባል ክፍል አለ፤ ለተቀጥላው በዚያ አንድ ፎልደር ይከፈትለታል። በዚህም ፎልደር ሦስት ነገር ይቀመጣል። አንደኛው ስሙ ከፎልደሩ ስም ጋር አንድ የሆነ፣ የጨዋታውን እትም ቁጥርና የፋይሎቹን ዝርዝር የያዘ አጭር ጽሑፍ ነው፤ እንደ መሥሪያ ቤት ሸኚ ደብዳቤ ያለ ነው። ሁለተኛው ትእዛዙ የተጻፈበት ፋይል ነው። ሦስተኛው ድምፁ ነው። አዲስ የድምፅ ፋይል ጨዋታው ተከፍቶ ሳለ ቢጨመር አይታወቅም፤ ጨዋታውን ፈጽሞ ዘግቶ እንደ ገና መክፈት ያስፈልጋል። እኛ ይህን ሳናውቅ ስሕተት የሌለበትን ትእዛዝ ስናፈርስና ስንሠራ አንድ ምሽት ሙሉ አመሸን።

ተቀጥላው የውጊያን መጀመር የሚያውቀው ጨዋታው በሚልክለት ምልክት ነው። «ወደ ውጊያ ገባ» የሚል ስም ያለው ምልክት አለ፤ ነገር ግን እርሱ የሚናገረው ወታደሩ በመሣሪያው መምታት መጀመሩን ብቻ ነው። ለሥራችን የሚሆነው፣ በየተቀጥላውም የሚሠራበት ምልክት ፕሌየር ሪጄን ዲሴብልድ ይባላል። ወደ ቋንቋችን ስንመልሰው «የተጫዋቹ ማገገም ተከለከለ» እንደ ማለት ነው። የማብቂያውም ምልክት ፕሌየር ሪጄን ኢኔብልድ ሲሆን፣ ትርጓሜው «ማገገም ተፈቀደ» ይሆናል። በጨዋታው ሕግ የቆሰለ ወታደር ከውጊያ ውጭ ሲቆይ ጤናው ቀስ በቀስ በራሱ ይመለሳል፤ ውጊያ ሲጀመር ግን ይህ ይቋረጣል። ስሙ የወጣው ከዚህ ነው። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች የሒሳብ ደንብ ሰየሙ እንጂ ፍልስፍና አልጻፉም። እኛም በዚያች ሌሊት ስሙን አንብበን አለፍነው።

ዜማን ለማሰማት ሁለት ዐይነት ትእዛዝ አለ። አንደኛው ፕሌይ ሚውዚክ ይባላል። ይህ ትእዛዝ የቦታውን ዜማ አስቁሞ የተሰጠውን ያሰማል፤ ሲያልቅም እንደ ገና ከራሱ እየጀመረ፣ ስቶፕ ሚውዚክ የሚባለው ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስ አያርፍም። እኛ የፊተኛውን ጽፈን፣ ቶሎ ለመስማት ከነበረን ጉጉት የተነሣ የኋለኛውን ሳንጽፍ ጨዋታውን ከፈትን። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንዲሉ ሆነብን።

የመጀመሪያው ጠላታችን አንድ ከርከሮ ነበረ። ወታደራችን ሰይፉን መዝዞ ሲመታው የአባታችን ድምፅ ከማጉያው ወጣ። አንበሳ ለገደለ የሚገባው ሽለላ ለከርከሮ ሲባል ጊዜ ራሳችንን መግታት አቅቶን ሣቅን። ከርከሮው በዐሥር ሴኮንድ ወደቀ። ሽለላው ግን ቀጠለ። ወታደራችን የከርከሮውን ሥጋ ይዞ ሲሄድ ቀጠለ፤ ከገበያ ገብቶ ሲሸጥና ሲገዛ ቀጠለ፤ ከሐይቅ ዳር ቆሞ መንጠቆውን ሲጥልም ቀጠለ። እኛም ነገሩ ስለ አሣቀን ድምፁን ሳንቀንስ ተውነው።

በዚህ ጊዜ የጓዳው በር ተከፈተ። እናታችን ነጠላቸውን ተከናንበው በባዶ እግራቸው ቆመዋል። ዐይናቸው ከማጉያው ላይ ነበረ እንጂ ወደ እኛ አልተመለከቱም። ሽለላው አልቆ ሁለት ጊዜ እንደ ገና እስኪጀምር ድረስ ቆመው ሰሙ። ከዚያም፦

«ልጄ፣ ማቆሚያ የለውም እንዴ?» አሉን።

በድንጋጤ ኮምፒዩተሩን አጠፋነው። እርሳቸውም ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወደ መኝታቸው ተመለሱ።

ከፍ ብለን እንገልጻለን ያልነውን እዚህ ላይ እንናገራለን። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር ታላቅ ወንድማችን ዘመተ። በተነሣበት ጠዋት አባታችን ከደጃፍ ቆመው ሸለሉለት። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እርሱም ሣቅ ብሎ አባቱን ጉልበት ስሞ ሄደ። ያን ጊዜ ዕድሜያችን ዐሥር ዓመት ነበረና እኛም ዘማች ብንሆን ብለን ተመኝተን ነበር። ጦርነቱ በ1992 ዓ.ም. ጋብ ካለ በኋላ መርዶው መጣ። ለጀግና ልጅ በልቅሶው ላይ መፎከር የአገር ወግ ነው፤ ሰውም ከአባታችን ይህን ይጠብቅ ነበር። እርሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ በሠርግም ሆነ በዐድዋ በዓል ሸልሉ ብለው ሲለምኗቸው «ጉሮሮዬን ያመኛል» ይላሉ። በ2005 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ጉሮሯቸው አልዳነም። ካሴቱ የሠርግ ነበረ፤ በዚያች ሌሊት እናታችን ከጓዳ ሆነው የሰሙት ግን የስንብቱን ጠዋት ነበር።

በማግሥቱ እሑድ እናታችን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ቡና ሲያፈሉ፣ «ያ ድምፅ የት ሄደ?» ሲሉ ጠየቁን። ለዘለዓለም እናጠፋዋለን አልናቸው።

«ማጥፋትማ ለምን?» አሉ። «ድምፃቸውን ከሰማሁ ስንት ዘመኔ። ግን አባትህ ሸልለው ሲያበቁ ይቀመጡ ነበር። ሰውም ያጨበጭብላቸው ነበር፤ ጠጃቸውንም ይጠጡ ነበር። አንተ ትናንት እንዳይቀመጡ አደረግሃቸው።»

ይህን በሰማን ጊዜ ያ ሳናስተውለው ያለፍነው የምልክቱ ስም ትዝ አለን፤ ማገገም ተከለከለ። አባታችን ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ እስኪያርፉ ድረስ የኖሩት በዚህ ስም ውስጥ ነበር። ለእርሳቸው ሁለተኛው ምልክት ሳይመጣላቸው ቀረ።

በዚያው ማታ ትእዛዙን አፍርሰን እንደ ገና ጻፍነው። በፕሌይ ሚውዚክ ፈንታ ፕሌይ ሳውንድ ፋይል የሚባለውን ሁለተኛውን ትእዛዝ አደረግን። ይህኛው የተሰጠውን ድምፅ አንድ ጊዜ አሰምቶ ያበቃል እንጂ አይደግምም። ድምፁንም ሲያስነሣ አንድ መለያ ቁጥር ይመልሳል፤ ልክ ለደብዳቤ እንደሚሰጥ የመዝገብ ቁጥር። ይህን ቁጥር የያዘ ሰው ስቶፕ ሳውንድ በሚባለው ትእዛዝ ድምፁን ከመካከል ሊያስቆመው ይችላል፤ በስንት ጊዜ ውስጥ እየቀነሰ እንደሚጠፋም በሺኛ ሴኮንድ ለክቶ ያዛል። እኛ 3000 ብለን ጻፍን፤ ሦስት ሴኮንድ ማለት ነው። «ማገገም ተፈቀደ» የሚለው ምልክት ሲመጣ የአባታችን ድምፅ ወንበር ስቦ እንደሚቀመጥ ሰው ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል።

ከዚህ በኋላ ሌላ ችግር ታየን። በሜዳው ላይ አንዱ አውሬ ወድቆ ሁለተኛው ወዲያው ስለሚተካ፣ ሽለላው በየጊዜው ከመነሻው እየተነሣ በየጊዜው ይቋረጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከተሰማ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዳግመኛ እንዳይነሣ ደንብ ጨመርንበት። የጨዋታውን ሰዓት ጠይቆ ከቀድሞው ጊዜ ጋር ማስተያየት ብቻ ስለ ሆነ ይህ ሥራ ቀላል ነው።

ሦስተኛው ነገር ግን ብዙ አስቀመጠን። ወታደሩ ቢሞትም ከውጊያው ወጥቷልና፣ «ማገገም ተፈቀደ» የሚለው ያው ምልክት ለእርሱም ይመጣል። አሸንፎ የተረፈውንና የወደቀውን ምልክቱ ብቻውን አይለያቸውም፤ ሞቶ እንደ ሆነ ተቀጥላው ራሱ መጠየቅ አለበት። እኛም ጥያቄውን ጻፍንና መልሱ ምን እንዲሆን ስናወጣና ስናወርድ ቆየን። በመጨረሻም ወታደሩ ከወደቀ በዚያ ማታ ሽለላ ዳግመኛ እንዳይነሣ ወሰንን። በጨዋታው ሕግ የሞተው ይነሣል፤ መልሶም ይዋጋል፤ በእኛ ተቀጥላ ግን እስከ ማግሥቱ በዝምታ ይዋጋል። ይህን ደንብ ከማን እንደ ተማርነው አንባቢ ይገነዘባል።

በተቀጥላ የሚገባ ዜማ የሚሰማው በባለቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው። ጎን ለጎን ቆመው ከሚዋጉ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ሽለላ ሲሰማ ሌላው የጫካውን የወፍ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ወንድማችን ይህን ሲረዳ ፎልደሩን እንድንልክለት ለመነን። ድምፁ የባለቤታቸው ነውና እናታችንን ፈቃድ ጠየቅናቸው። የቡናውን ስኒ እያጠቡ ነበር፤ ቀናም ሳይሉ፦

«ላክለት። ማቆሚያውንም አብረህ ላክለት» አሉን።

በሚከተለው ቅዳሜ ወንድማችን ከጀርመን፣ እኛም ከአዲስ አበባ ሆነን በዚያው ሜዳ ተገናኘን። አንድ ከርከሮ ብቅ አለ። ወንድማችን መታው፤ ከዚያም እጁን አቆመ። ከርከሮው እየነከሰው፣ የወታደሩም ጤና እየቀነሰ፣ እርሱ ዝም ብሎ ቆሞ ያዳምጣል። እኛ ጣልቃ ገብተን ልንገድለው ስንል «ተወው፣ ይጨርሱ» አለን። ሽለላው እስከ መጨረሻው ተሰማ፤ እልልታውም ተሰማ። ከዚያ በኋላ ከርከሮውን ገደለው። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተናገረም። ሲናገርም፣ «አምስት ደቂቃው እስኪሞላ ዓሣ እናጥምድ» አለን፤ ወደ ሐይቁም ሄድን። አምስት ደቂቃው ካለፈ በኋላም ቢሆን ማንኛችንም ለውጊያ አልተነሣንም። ወንድማችን ስለ አባታችን ይጠይቃል፤ እኛም የምናውቀውን እንነግረዋለን፤ ስለ ታላቅ ወንድማችን ስንብት ጠዋትም ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርነው።

እንዲህ ዐይነቱን ሥራ ለመሞከር የሚሹ ወጣቶች ዛሬ ብዙ ናቸው፤ ትምህርቱም የሚከብድ አይደለም። የእኛን ስሕተት አይተው አንድ ነገር እንዲይዙልን ብቻ እንመክራቸዋለን። የጦር ዜማን ማስነሣት የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ከርከሮም ቢሆን ያስነሣዋል። አእምሮ የሚጠይቀው ሁለተኛው መስመር ነውና፣ ማስጀመሪያውን ከመጻፋቸው በፊት ማቆሚያውን ይጻፉ።